ፈድሊያ ያልመለሰችው ጥያቄ

ሙሐዲን የሚስቱን ሳቅ የሰማው እንደ ሌባ ከበር ውጭ ቆሞ ነው። መጀመሪያ የሷ አልመሰለውም። የሆስፒታሉ ኮሪደር ጠዋት ጠዋት ከገበያ አይሻልም፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ባልዲ ይንኳኳል፣ ከሊሙና ከሸቤ በሽተኛ ይዞ የመጣ ሁሉ ወረፋው እንዳያልፈው እየተጋፋ ይጯጯሃል። በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል አንዲት ሴት ከት ብላ ብትስቅ ማን ልብ ይላል? እሱ ግን ልብ አለ። ሳቋ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰበርና እንደገና ይነሣል፤ ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን እንዲህ ነበር የምትስቀው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያችን ሳቅ ፍለጋ ያልሄደበት ቦታ አልነበረም። ሼኽ ዘንድ ወስዷት ዱዓ አስደርጓል፣ ፍየል አርዷል፤ ሲጨንቀው ደግሞ የቀበሌውን ሊቀመንበር አረማመድና አነጋገር እያስመሰለ ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ ጎረቤቱ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ እሷ ብቻ ግድግዳውን ታይ ነበር። ሸቤ ያለው የእናቷ ቤት ለመንደር ምሥረታ ፈረሰ ተብሎ ሲነገራት እንኳ አላለቀሰችም፤ ለቅሶውም ሳቁም አብረው ነበር የሄዱት። እነሆ ዛሬ ሳቀች፤ የሳቀችው ደግሞ ለሐኪሟ ለዶክተር ለይኩን ነው።

በሩን ሳያንኳኳ ገፋ አድርጎ ገባ። ዶክተር ለይኩን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ዳሌውን ያሻል። አጠገቡ አንድ እግሩ የተገነጠለ ወንበር ተጋድሟል። ሲስተር አሰገደች አፏን በእጇ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ፈድሊያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ ቀልቷል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ባሏን ስታይ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሳብ አደረገችና ሳቁ እንደተዘጋ ራዲዮ ጸጥ አለ።

«አቶ ሙሐዲን! ሳቀች እኮ! ሰምተዋል?» አለ ዶክተሩ ከወለሉ ሳይነሣ፤ ወንድ ልጅ ተወለደልህ የሚል ነበር የሚመስለው።

«ሰማሁ።»

«አልሐምዱሊላህ ይበሉ እንጂ!» አለች ሲስተር አሰገደች።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሙሐዲን፤ ድምፁ ግን ለቀብር የመጣ ሰው ድምፅ ነበር። ዓይኑ ወንበሩ ላይ ነው። ሙሐዲን በጅማው ሄርማታ ገበያ የታወቀ በርጩማ ጠራቢ ነው፤ ሦስት እግር ያለውን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ዋንዛ ፈልፍሎ ሲያወጣ ምስማር የሚባል ነገር አይነካውም። ይህ ወንበር ግን በሁለት ምስማር ብቻ የተጣበቀ የመንግሥት ወንበር ነው። የእንጨት አገር ተቀምጦ ሆስፒታሉ የሚሰበር ወንበር ሲገዛ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ነገሩ ወንበር ሰብሮ መውደቅ ብቻ ከሆነ፣ አለ በልቡ፣ እኔም የሄርማታን በርጩማ ሁሉ አንድ በአንድ እሰባብርላት ነበር። ቀና። ሌላ ስም የለውም፤ ገና በጠዋቱ፣ በሰው ፊት፣ ዳሌውን በሚያሽ ዶክተር ላይ ቀና።

ይህ ቅናት ደግሞ የዛሬ ብቻ አይደለም። ዶክተሩ «ፈድሊያ» ብሎ ሲጠራት፣ «ዛሬ እንዴት ነሽ?» ሲላት ሙሐዲን ፊቱን ያዞር ነበር። በሰፈሩ እሷን ፈድሊያ የሚል የለም፤ የመጀመሪያ ልጇ ለጢፋ ናትና ሁሉም የለጢፋ እናት፣ «ሃዳ ለጢፋ» ነው የሚላት። ይህ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ የለቀቀ ልጅ ግን የስሟን ቅርፊት ልጦ እንደ ብርቱካን እጁ ላይ ያገላብጠዋል። እሷም «አቤት» ትላለች።

ሰዎቹ የጥናት ቡድን ናቸው። አለቃቸው ከምሥራቅ ጀርመን የመጣች ሸበቶ ሴት ሐኪም ናት፤ አማርኛም ኦሮምኛም አትችልም፣ ግን ሰው ስታይ አተኩራ ነው። ለይኩንና አሰገደች ከሷ ጋር ጅማ ከገቡ ገና አንድ ክረምት ነው። የሚያጠኑት ሐዘንን ነው፤ ሰው ያልሞተበት ሰው ዓመት ሙሉ ተቀምጦ የሚያዝነውን ዓይነት። ሻንጣ የምታክል ማሽን አለቻቸው። በሽተኛው በመርፌ ከተኛ በኋላ ከማሽኗ የወጡትን ገመዶች ጭንቅላቱ ላይ ያደርጉና ለጥቂት ሰኮንድ ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። ድሮ ገመዶቹ በግራና በቀኝ ጆሮ ግንድ ነበር የሚደረጉት፤ ሐዘኑን ያባርረዋል፣ ግን ትዝታውንም አብሮ ጠርጎት ይሄዳል። እነዚህ ሊያውቁ የፈለጉት በአንድ ወገን ብቻ ቢደረግ ሐዘኑ ሄዶ ትዝታው ይቀር እንደሆነ ነው። ስለዚህ ከየሕክምናው በኋላ፣ በሽተኛው በደንብ ሲነቃ፣ ከሰዓት ይጠይቁታል። ዛሬ ምን ቀን ነው? ይህ ከተማ ማን ይባላል? የት ተወለድሽ? ልጆችሽ እነማን ናቸው? ባልሽስ?

ዶክተር ለይኩን ሱሪውን እያራገፈ ሙሐዲንን ወደ ኮሪደሩ ይዞት ወጣ።

«አቶ ሙሐዲን፣ ደስታችን ሙሉ አይደለም» አለ ድምፁን ቀንሶ። «ሁሉን ትመልሳለች። የተወለደችበትን፣ የልጆቿን ስም፣ የጎረቤቶቿን ሳይቀር። የእርስዎን ስም ግን ልትነግረን አልቻለችም። በጠየቅናት ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። አንድ ቀን ደግሞ አባ ለጢፋ አለችን፤ የልጅቷንና የእርስዎን ስም እያምታታች ነው።»

ሙሐዲን ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው። ከሄርማታ እስከ ሸቤ ማንንም አቁመህ ብትጠይቅ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በአገሩ ወግ ያላት ሴት የባሏን ስም አትጠራም። የባሏን አባት ስምማ በሕልሟም አታነሣም። ሳትወልድ «እሱ» ትላለች፤ ስትወልድ በልጇ ስም «አባ እገሌ» ትለዋለች። ፈድሊያ በአሥራ አምስት ዓመት ትዳር አንድም ቀን ሙሐዲን ብላ አታውቅም። የቀበሌ ሰዎች ለምዝገባ ሲመጡ እንኳ ለጢፋን ትጠራና «የአባትሽን ስም ንገሪያቸው» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። የጅማ ሰው ነገሩን ያውቃልና አይጠይቅም፤ እነዚህ ሦስቱ አያውቁምና ይጠይቃሉ። እሷ ደግሞ እንኳን ለባዕድ ወንድ፣ ለገዛ እናቷም አትናገረውም። ያለው ነገር ይኸው ነው። አንድ አረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

አረፍተ ነገሩ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ ዶክተሩ ቀጠለ።

«ዛሬ ከሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ እንጠይቃታለን። ካልመለሰች ዶክተሯ ሕክምናው ይቁም ብላለች፤ የጥናቱ ደንብ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ገና ግማሽ መንገድ ላይ መሆኗ ነው። እዚህ ላይ ከተቋረጠ ሐዘኑ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አንዳንዴም ብሶ።»

«ካቆማችሁ ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ?»

«ይሄዳሉ፤ ግን...»

ሙሐዲን ከ«ግን» ወዲያ ያለውን አልሰማም። ዛሬውኑ የሚለው ቃል ብቻ ነው ጆሮው ውስጥ የቀረው።

«በቤትስ ስምዎን የመርሳት ነገር አይተውባታል?» ሲል ጠየቀው ዶክተሩ።

«ሐኪሞቹ እናንተ ናችሁ» አለ ሙሐዲን። «እኔ እንጨት ጠራቢ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ?»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈድሊያን ወደ ማሽኑ ክፍል ወሰዷት። ወሰዷት ማለት ይከብዳል፤ ራሷ ሄደች። መጀመሪያ ሰሞን ሲስተር አሰገደች በአንድ ብብቷ፣ ሙሐዲን በሌላው ደግፈው ነበር የሚያስገቧት። ዛሬ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንደ ገበያተኛ ቀደመቻቸው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላም አላየችው። ሙሐዲን የእንጨት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በሩን ሲያይ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ኤርሲዶ ጭኑን መታ አደረገው። ኤርሲዶ የከምባታ ሰው ነው፤ በሊሙ ቡና እርሻ የቀን ሠራተኛ ሲሆን ወንድሙ ሆሴዕ እንደ ፈድሊያ ሲታከም ስለከረመ ሁለቱ በአግዳሚው ላይ ጓደኛ ሆነዋል።

«ወንድሜ ዛሬ ይወጣል፤ ጌታ ይመስገን» አለ ኤርሲዶ። «ችግሩ ምን መሰለህ፣ ከነጋ ጀምሮ ይዘምራል። ቀስ በል፣ ጸሎት ቤታችን በታሸገበት ዘመን እስር ቤት ታስገባናለህ ብለውም አይሰማኝም። ዝም ሲልም ጨንቆኝ ነበር፣ ሲዘምርም ጨነቀኝ። ያንተዋስ?»

«የኔዋን ሊያቆሙባት ነው።»

«ምነው?»

«የባልሽን ስም ጥሪ ቢሏት ዝም አለች። ረስታለች አሏት።»

ኤርሲዶ አግዳሚው እስኪነቃነቅ ሳቀ። «እንዴ! የኛስ ሴቶች የባላቸውን አባት ስም ይጠራሉ እንዴ? ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ካለ ሌላ ቃል ይተካሉ እንጂ አይሉትም። በል ለዶክተሩ ንገረው እንጂ!»

«ነግሬዋለሁ» አለ ሙሐዲን።

ውሸቱ እንዴት እንደወጣው ራሱንም ገረመው። ኤርሲዶ «ጎበዝ፣ አለበለዚያ በከንቱ ትጎዳ ነበር» ብሎ እጁን ጨበጠው፤ ወዲያው ሆሴዕ ጥቅልሉን ይዞ በኮሪደሩ ብቅ አለና ሁለቱ ወንድማማቾች ተያይዘው ሄዱ። የታናሽየው ዜማ ከግቢው በር ባሻገር ድረስ ይሰማ ነበር። ሙሐዲን የሆሴዕን መዳን እንኳ ቀናበት፤ ለወንድሙ ነው የሚዘምረው፣ ለሐኪም አይደለም።

ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው። ሙሐዲን ወደ ሄርማታ ሲወርድ መንገዱ የቡና ጆንያ በተጫኑ በቅሎዎችና ማር በተሸከሙ ሴቶች ተዘግቷል። ከሱቁ በረንዳ ላይ እህቱ አዴ ዘይቡ ተቀምጣ በርጩማ ትሸጥለታለች፤ ፈድሊያ ከታመመች ወዲህ ቤቱንም ሱቁንም የያዘችው እሷ ናት። አንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ሠራተኛ በርጩማውን ገልብጦ እያየ ሰባት ብሩን አምስት አድርጊልኝ እያለ ይጨቃጨቃታል። ሙሐዲን ሌላ ቀን ቢሆን «ከአንድ እንጨት የወጣ ነው፣ የልጅ ልጅህ ይቀመጥበታል» ብሎ ይሟገት ነበር። ዛሬ «ስጪው» አለ። ሰውየው ራሱ እንኳ ደነገጠ።

ከዚያ አንዱ ሱቅ ገብቶ ለፈድሊያ ሐር የመሰለ አረንጓዴ ሻል ገዛ። ባለሱቁ የሱዳን ዕቃ ነው፣ በቀላሉ አይገባም ብሎ የሁለት በርጩማ ዋጋ አስከፈለው። ሻሉን በብብቱ ይዞ ወደ ቤት ሲገባ አዴ ዘይቡ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ምሳ ልታቀርብለት ተከትላው መጣች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ በመስኮቱ ሥር ፈድሊያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተኛችበት መደብ አለ። ምንጣፉ መሐሉ ላይ ጎድጉዷል። ሙሐዲን በዚያ መደብ ጫፍ ተቀምጦ ጸጉሯን አበጥሯል፣ በእጁ አጉርሷታል፣ እግሯን አጥቧል። ወንዶቹ «ሙሐዲን ሚስት ሆነ» እያሉ ሲያሾፉበት አንገቱን አልደፋም፤ እንዲያውም በሆዱ ይኮራ ነበር። ታማ ሳለች የሱ ብቻ ነበረች። ማንም አይፈልጋት፣ እሷም ማንንም አትፈልግ። በየቀኑ የሚያጎርሳት አንድ እጅ ነበር፣ የሱ እጅ። ያን መደብ አይቶ ዛሬ ማታ እንደገና እዚያ ትተኛለች ብሎ ሲያስብ ደስ አለው። ደስ በማለቱም ትንሽ አፈረ፤ እፍረቱ ግን ደስታውን አላሸነፈውም።

«ዛሬ ትመጣለች» አለ።

አዴ ዘይቡ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። «ድናለች?»

«በቃት ብለዋል።»

«በቃት ሌላ፣ ዳነች ሌላ።»

እህትየው ሳህኑን አስቀመጠችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዝንብ ሳህኑን ዞረው፣ ከውጭ የመስጊዱ አዛን ተሰማ፣ አለፈ።

«ስቃለች ይላሉ» አለች በመጨረሻ።

«ማን አለ?»

«ሄርማታ ነው ይሄ። ከሆስፒታል ወሬ አንተን ቀድሞህ ነው የገባው።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ወላሂ፣ ስሰማ የያዝኩትን በርጩማ ጣልኩት። ማሎ፣ እባክህ፣ ምን ብለህ አሳቅካት?»

ሙሐዲን ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። ያሳቅኋት እኔ አይደለሁም፣ አንድ የተሰበረ ወንበር ነው ሊል አልቻለም። ውሃ ጠጣ፣ ተነሣ፣ ሻሉን ያዘና ወጣ። አዴ ዘይቡ እስከ በሩ ሸኘችው።

ሆስፒታል ሲመለስ ፈድሊያ ነቅታለች። ከመርፌው በኋላ ዓይኗ ሥር ትንሽ አብጧል፤ ፊቷ ግን ፊት ሆኗል። በመስኮቱ በኩል ዞራ ተቀምጣ ወደ ጅሬን ኮረብታ የሚወጣውን መንገድ ታያለች። በኮረብታው ላይ ደመና ተንጠልጥሏል። ሙሐዲን ሻሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። በጣቷ ዳሰሰችው።

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» አለች። «ገበያውን ጥለህ መጣህ?»

«አንቺ እያለሽ የምን ገበያ?»

ፈገግ አለች። ሙሐዲን ፈገግታዋን እንደ ምግብ ተቀበለው፤ በረሃብ።

«ዝናብ ሸተተኝ» አለች ወደ መስኮቱ እያየች። «ያን ሁሉ ጊዜ ምንም አይሸተኝም ነበር እኮ። ዝናብ አይሸተኝም፣ ቡናው ሲያብብ አይሸተኝም፣ ልጆቼ አይሸቱኝም። ከጉድጓድ ሥር ሆኜ ነበር የምሰማችሁ። ታወራላችሁ፣ ድምፃችሁ ይደርሰኛል፣ ልመልስ ብል እስከ ላይ አይወጣልኝም። ስታጎርሰኝ እጅህን አየው ነበር። ይሄ እጅ ደክሞታል እላለሁ። አርፈህ ተቀመጥ ልልህ እፈልግና አፌ አይከፈትም።»

በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው የመጀመሪያው ነው። ዓይኑን አቃጠለው። «ይህን ሁሉ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ።»

እንባው መንገድ ላይ ቀረ። «ለሱ ነገርሽው? ከኔ በፊት ለሱ?»

«ጠየቀኝ» አለች ፈድሊያ ቀለል አድርጋ። «ውስጥሽ ምን ይመስላል አለኝ። አንተ ብዪ ነው የምትለኝ፣ ጠጪ ነው የምትለኝ። አልከፋኝም፤ ብቻ አልጠየቅኸኝም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያጎረሰ እጁን አየ፤ የዋንዛ ቅርፊት በጥፍሩ ሥር ገብቶ ጠቁሯል። እሷ ግን ቂም እንደያዘ ሰው አልነበረችም፤ ሻሉን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደሱ ጠጋ አለች።

«አባ ለጢፋ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትስቅ» አለች በሹክሹክታ። «ስምህን ጥሪ ይሉኛል።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? ዝም። ያ ደግ ልጅ ፊቱ ጥቁር ይላል፣ ነጯም ራሷን ትነቀንቃለች። ወግ ነው ብዬ እንዳልነግራቸው እሱንም ማውራት አፈርኩ። ማሎ፣ ዛሬ ሲጠይቁኝ አንተ ንገራቸው። የአገራችን ደንብ ነው በላቸው። ሕክምናውን እንዳያቋርጡብኝ። ትንሽ ነው የቀረኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ ከጉድጓዱ አፍ ደርሻለሁ። እዚህ ላይ ቢለቁኝ ተመልሼ እወድቃለሁ።»

«እሺ» አለ ሙሐዲን።

«ወላሂ በል።»

«እነግራቸዋለሁ አልኩሽ እኮ።» ወላሂ ግን አላለም።

ቡድኑ የሚሰበሰብበት ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ጺማሞቹ ሦስቱ የአብዮት አባቶች በመስመር ተሰቅለዋል፤ ከነሱ ሥር ጀርመኗ ሐኪም፣ ዶክተር ለይኩንና ሲስተር አሰገደች ተደርድረዋል። ፈድሊያ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ለሙሐዲን ከበሩ አጠገብ ወንበር ሰጡት፤ ሲቀመጥበት ሲጥ አለ። አረንጓዴው ሻል ፊቷን አብርቶታል። ሲስተር አሰገደች «እንዴት ያምራል!» ስትላት «እሱ ነው የገዛልኝ» ብላ በአገጯ ወደ ባሏ አመለከተች። ለአፍታ ያህል ሙሐዲን ሁሉን ነገር ሊናገር ቃጣው።

ከዚያ ዶክተሩ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ፈድሊያ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ዳሌህስ?» አለችው።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። የሙሐዲን ልብ የተዘጋው ያኔ ነው።

ጥያቄው ተጀመረ። ቀኑ? ሐሙስ። ከተማው? ጅማ። የት ተወለድሽ? ሸቤ፤ አሁን ግን ቤቱ ፈርሷል። ልጆችሽ? ለጢፋ፣ ሱዓድ፣ ትንሹ ኢስሃቅ። ጀርመኗ ፈገግ እያለች ትሰማለች፤ የአማርኛው ትርጉም ሳይነገራት ከድምፁ የገባት ይመስላል።

«ጎበዝ። አሁን ደግሞ ባልሽ ማን ይባላል?»

ፈድሊያ ሻሉን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። እንደተነጋገሩት ወደ በሩ ዞረች። ሙሐዲን ዓይኗን አየው። ምንም ጭንቀት አልነበረበትም፤ ተራህ ነው የሚል፣ የተማመነ ዓይን ነበር። ሙሐዲን አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ዛሬ ማታ መደቡ ላይ፣ አለ በልቡ። ጸጉሯን ራሴ አበጥረዋለሁ። ቢመለስባትስ? ቢመለስባት እኔ አለሁ፤ ያኔም የነበርኩት እኔ ነኝ። አንገቱን ደፍቶ የወለሉን ሲሚንቶ ስንጥቅ በዓይኑ ይከተል ጀመር።

«ፈድሊያ፣ ስሙን ብቻ» አለ ዶክተሩ።

በመስኮቱ የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ዶክተር ለይኩን ተነፈሰና በእንግሊዝኛ ለጀርመኗ የሆነ ነገር ነገራት። እሷም ራሷን ነቀነቀች፣ እጇን ዘርግታ የፈድሊያን እጅ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

«አይዞሽ» አለ ዶክተሩ። «ሕክምናው እዚህ ላይ ይብቃሽ። ዛሬ ከአቶ ሙሐዲን ጋር ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።»

«ለምን?»

«የባልሽን ስም እንኳ አስረሳሽ። ከዚህ በላይ እንዲያስረሳሽ አንፈልግም።»

ፈድሊያ ወደ ባሏ ዞረች። አሁን ዓይኗ ውስጥ ያ መተማመን አልነበረም። ቀና አላለም እንጂ ቢያይ፣ ቀስ እያለ ሲገባት ባየ ነበር፤ መጀመሪያ ረስቶ ይሆናል አለች፣ ቀጥሎ አፍሮ ይሆናል አለች፣ ከዚያ የተደፋውን አንገቱን፣ የጨበጠውን እጁን አይታ ሌላ የምትለው አጣች። ሻሉን ከአፏ አነሣች።

«ሙሐዲን» አለች።

ሙሐዲን የተመታ ያህል ቀና አለ።

«ስሙ ሙሐዲን ነው። የአባቱ ስም አባቦራ።» የአማቷን ስም ስትጠራ ግንባሯ በላብ ረጠበ፣ ግን አላቆመችም። «ሙሐዲን አባቦራ። አልረሳሁም። በኛ አገር ሴት ይህን አትጠራም፣ ነውር ነው፣ ለዚያ ነው። እሱ ያውቃል። ንገርልኝም ብዬው ነበር። ይኸው፣ እዚሁ ተቀምጧል።»

ሲስተር አሰገደች እጇን ወደ ደረቷ ወሰደች። ጀርመኗ «ምን አለች?» በሚል አተያይ ወደ ዶክተር ለይኩን ዞረች፤ እሱ ግን ወዲያው አልተረጎመላትም፤ ሙሐዲንን ነበር የሚያየው። ሲያየው ንዴት አልነበረበትም። ሙሐዲን ንዴት ቢሆን በወደደ፤ ይህ ግን አንድ ሰው ሌላውን ታሞ ሲያገኘው የሚያየው አተያይ ነበር።

«እውነት ነው፣ አቶ ሙሐዲን?»

«እውነት ነው» አለ ሙሐዲን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በፍጥነት ሆነ። ዶክተሩ ለጀርመኗ ተረጎመላት፤ እሷም ሁለት ጊዜ ጠየቀችው፣ ሁለት ጊዜ አብራራላት። በመጨረሻ ሕክምናው እስከ መጨረሻው ይቀጥላል፣ እስከዚያ እዚሁ ትቆያለች፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ማሽኑ ክፍል ትገባለች ተባለ። ፈድሊያ ሲስተር አሰገደችን ተደግፋ ተነሣች። ስሙን ማውጣቱ ከማሽኑ ይልቅ ያደከማት ትመስል ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሙሐዲን ተከተላት። ይቅርታ ሊል ነበር፤ ቅናት ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም፣ ወላሂ ሊል ነበር። ቃሉን ሲፈልግ እሷ ቆመችና ዞረች። ፊቷ የቁጣ ፊት አልነበረም። ደክሟት ነበር፣ ጤነኛም ነበረች፤ ሁለት ዓመት ያላየውን ጤነኛ ፊት በደንብ አየው።

«ሙሐዲን» አለችው፤ አሁን ጠያቂ አልነበረም፣ የሚያስገድዳትም አልነበረም። «በል ሂድ፣ ዝናቡ ሳይበረታ። ልጆቹን ሰኞ ይዘህልኝ ና።»

በአሥራ አምስት ዓመት ትዳር ጠርታው የማታውቀውን ስም፣ ጎረቤቶች እንደሚጠሩት፣ ገበያተኛ እንደሚጠራው አድርጋ ጠራችው። ሙሐዲንም እንደ ማንኛውም የሰፈር ሰው «እሺ» ብሎ ወጣ።